ላሜ ስትሞት ቆሞ እንዲያይ ብቻ ስለተፈቀደለት ባለሙያ

የእንስሳት ጤና ረዳቶች ምን መንካትና ምን መናገር እንደሚችሉ በአዲስ መመሪያ ለወሰኑልን ክቡር ኃላፊ፤

አሰላሙ ዐለይኩም። ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? አላህ ዕድሜ ይስጥዎ፤ ከታመሙም ሊያክምዎ የተፈቀደለት ሰው ከአጠገብዎ አይጥፋ። እኔ ባሂራ እባላለሁ፤ ከጉብሬ ወጣ ብሎ ባለ መንደር የምኖር፣ ልጆቼን በአንዲት ላም ወተትና ቅቤ ሳሳድግ የነበርኩ ሴት ነኝ። ይህችን «የነበርኩ» የምትል ቃል ያገኘሁት ከእርስዎ መመሪያ ነውና ምስጋናዬን አስቀድሜ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ላሜን ምጥ በያዛት ማለዳ የእንስሳት ጤና ኬላችን ረዳት ሳላሀዲን ሳይዘገይ መጥቶልኛል። በዚሁ ሰፈር ስንት ላም ያዋለደ ሰው፣ ጥጃው አንገቱን አጥፎ እንደመጣ እያወቀ፣ እጁን ኪሱ ከቶ ቆመ፤ ጥጃ ማቃናት ከእንግዲህ የሐኪሙ ሥራ ሲሆን የእርሱ ድርሻ ሙቀት መለካትና ላሟን መያዝ ነውና። ለካ፤ ያዘም። ሙቀቷን በትክክል ማወቃችን እጅግ አጽናንቶናል።

ሁለተኛ፣ ሐኪሙ ይህንኑ መመሪያ ለመማር ቡታጅራ ስብሰባ ሄደው ነበር። ስልካቸውን ባለማንሣታቸው አልቀየምኩም፤ በስብሰባ መካከል ስልክ ማንሣት ነውር ነው።

ሦስተኛውን ለመጻፍ ይከብደኛል። እኛ ዘንድ ከብት እንደማትተርፍ ከታወቀ ነፍሷ ሳይወጣ ባርከን እናርዳለን፤ ጎረቤትም ሥጋውን ተካፍሎ ለባለቤቲቱ ሌላ ጊደር መግዣ ያዋጣላታል። ከሞተች ግን በክት ናት፤ ለጅብ ትጣላለች። የባለቤቴ ወንድም ቢላዋ ይዞ እንደቆመ፣ ትተርፋለች ወይስ ትታረድ ብለን ሳላሀዲንን ለመንነው። ተስፋ አላት ወይም የላትም ብሎ መናገርም ለሐኪም ብቻ የተሰጠ መሆኑን፣ ባልደረባውም ባለፈው ወር እንዲህ ያለ ነገር ተናግሮ ከሥራ መታገዱን ነገረንና ፊቱን አዞረ። እያለቀሰ ነበር። እኛም ትተርፍ ይሆናል እያልን ስንጠብቅ ላሜ ከነጥጃዋ ሞተች።

መመሪያ አያስፈልግም አላልኩም። መርፌ ይዞ በየገበያው የሚዞር ሁሉ ሐኪም ነኝ እያለ ስንቱን ከብት እንደፈጀ እናውቃለን፤ እርሱን ማስቆምዎ ደግ አደረጉ። ነገር ግን ሐኪም በሌለበት ሰዓት፣ መንግሥት ራሱ ያስተማረው ሰው እጁንና አፉን ምን ያድርገው? ክቡርነትዎ፣ ተናድጃለሁ፤ ማታ ማታ ልጆቼ ወተት ሲጠይቁኝ ውሃ ሰጥቼ አስተኛቸዋለሁ።

መመሪያዎ በበረቷ አንድም ሳይጣስ የተከበረላት፣ ስለ ጥንቃቄዎ ከባዶ ጋጣ ደጃፍ እጅ የምትነሣ፣
ባሂራ

ሳልጨምረው የማላልፈው፦ የጎረቤቴ የሰልሚያ ላም በዚህ ሰሞን ትወልዳለች። ሰልሚያ የእኔን አይታ፣ ምጡ ጥቂት ከዘገየ ማንንም ሳትጠራ ልታሳርዳት ቢላዋ አስላለች። ላሟ ምናልባት የምትድን ትሆናለች፤ ይህን የሚያውቀው ሰው ግን እንዲነግራት አልፈቀዱለትም።