ሞኝና ወረቀት

ለታላቅ እህቴ፣

ጾሙ እንዴት ይዞሻል? ጉልበትሽስ? ባለፈው ደረጃ መውጣት ከለከለኝ ብለሽኝ ነበር፤ በኡራኤል ደጅ ባለፍኩ ቁጥር ስምሽን እጠራለሁ። እኔ ደህና ነኝ። የእማዬ ቤትም እንዳለ ነው፤ ጣሪያው ብቻ በበሩ በኩል ማፍሰስ ጀምሯል።

ይህን ማን ጻፈላት እንደምትይ አውቃለሁ። ቆዪ፣ እደርስበታለሁ። በስልክ እንዳልነግርሽ አንቺ ፈጣን ነሽ፤ ሁለት ቃል ስናገር ሦስተኛውን ትጨርሺልኛለሽ።

በዚህ ከተማ ላላወቀ ሰው ስንት ስም እንዳለ አስበሽ ታውቂያለሽ? እኔ ካዛንቺስ በማጸዳበት የኮፒና የጽሕፈት ቤት ይህንኑ ስሰማ እውላለሁ። ጸሐፊዋ ሉሊ፣ የት ልፈርም ብሎ ሁለቴ የጠየቀን ሰው ገና በሩን ሳይዘጋ ሰገጤ ትለዋለች። እሷ ራሷ ሥራ ስትጀምር ባለቤቱ፣ አንቺ እኮ ገና ጥሬ ነሽ እያለ ያስለቅሳት ነበር። በቀደም ከለገሃር ስመለስ፣ ወራጅ ማለት አፍሬ ፌርማታዬን አለፍኩና ረዳቱ፣ ማዘር ፋራ አትሁኚያ፣ ኡራኤልን እኮ አለፍነው አለኝ። ተሳፋሪው ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ይህ ፊት ለፊት ይባላል፣ ያልፋል። የዋህ ግን ሌላ ነው። የዋህ የሚሉኝ የሚወዱኝ ሰዎች ናቸው፤ የሚሉኝም አንድ ነገር ፈልገው ሲመጡ ነው።

ማክሰኞ ከሥራ ስገባ ወንድማችን አጽብሃ ብርቱካን ይዞ በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። ገና ሳልቀመጥ፣ የኔ የዋህ፣ ዛሬም ደክሞሻል አለኝ። ከዚያ ከፕላስቲክ ማህደር ውስጥ አንድ ወረቀት አወጣ። የቤቱ ግብር በስምሽ እንዲዞር ነው፣ በቃ ሌላ ምንም የለውም አለ። ለአውራ ጣቴ የሚሆን ቀለምም ይዞ ነበር።

አንብብልኝ አልኩት። አነበበልኝ፤ ድምፁ እንደ ዲያቆን ቀጥ ያለ ነበር። ዓይኑ ግን መስመሩን አይከተልም። አልገባኝምና ድገምልኝ አልኩት። ሲደግመው ቃሉ ተለወጠ። አንድ ወረቀት ሁለት ጊዜ ሲነበብ ሁለት ነገር አይናገርም፣ እህቴ።

ልየው ብዬ እጄን ዘረጋሁ። ምኑን ልታዪ ነው፣ ሥዕል የለውም ብሎ ሳቀ። ግን ሰጠኝ። የተሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የተበላሸ ኮፒ ለመደርደሪያ ማንጠፊያ እያልኩ ቤት ስወስድ ኖሬአለሁ። ፊደሉን ከሱቅ ታፔላ ላይ ለቃቀምኩት፤ ማንበቡንም መጻፉንም ከእነዚያ ወረቀቶች ተማርኩ። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሜ ያወቅሁት ንባብ ውል ነው። «ማንም ሳያስገድደኝና ሳያታልለኝ፣ በሙሉ ፈቃዴ» የሚለውን ከአቡነ ዘበሰማያት ቀጥሎ በቃሌ እወጣዋለሁ። መጀመሪያው መስመር ላይ ያ አረፍተ ነገር ቆሞ ጠበቀኝ። ከሥሩ፣ እናቴ በኑዛዜ የተወችልኝን መኖሪያ ቤት ለወንድሜ በስጦታ ሰጥቻለሁ ይላል። ግብር የሚል ቃል የትም የለበትም።

ወረቀቱን ጉልበቴ ላይ አሳረፍኩት። አጽብሃ፣ ይበቃሻል ብሎ ጫፉን ያዘ። አልለቀቅኩም። እንደ ጨዋታ ቀስ ብሎ ጎተተው፤ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ብሎ ሳቀ። እኔም አብሬው ሳቅሁ፤ ግን አልለቀቅኩም። ሳቁ ከፊቱ ላይ ሲወርድ አየሁት። አንቺ ሴትዮ፣ አምጪው አለኝ። ራሴን አሞኛል፣ እሑድ ና፣ ያኔ እጄን አኖርልሃለሁ አልኩት። የዋህ አትዋሽምና አመነኝ። ወረቀቱን ትቶ ሄደ።

ከሄደ በኋላ እስከ ታች አነበብኩት። የምስክሮች ቦታ አለ። የአንደኛው ባዶ ነው። ሁለተኛው ምስክር ግን፣ እኔ አውራ ጣቴን ሳላሳርፍ፣ ስታደርገው አይቻለሁ ብሎ አስቀድሞ ፈርሟል። ስሙ ላይ ስደርስ ዓይኔ ደከመ፤ አላነበብኩትም ልበልሽ። ፊርማው መጨረሻው ላይ እንደ ወፍ ጅራት ሁለት ይሰነጠቃል። ልጆች ሳለን የእማዬን ግድግዳ በከሰል እንዲህ እየፈረመ የሚያቆሽሽ ሰው ነበር፤ እማዬ ሳታይ የምወለውለው እኔ ነበርኩ።

ባለፈው ወር ለሥራ መጥተሽ አጽብሃ ቤት አድረሽ እንደተመለስሽ ሰምቻለሁ። ጊዜ አጥሮሽ ነው ብዬ አልተቀየምኩም።

ይህን ደብዳቤ ጎረቤታችን መብራህቱ ነገ ደሴ ያደርስልሻል። ወረቀቱ ከኑዛዜው ጋር እኔ ዘንድ ነው። እማዬ ኑዛዜውን ስትናገር አልጋዋ አጠገብ የነበርነው አንቺና እኔ ነን። እሑድ ከመድረሱ በፊት ለአጽብሃ ደውዪለት። ምን እንደምትይው አልነግርሽም፤ አንቺ ፈጣን ነሽ።

ጉልበትሽን ያጽናልሽ። ልጆችሽን ይባርክልሽ። የእማዬ አምላክ ከመካከላችን አይራቅ።

ማንም ሳያስገድደኝና ሳያታልለኝ፣ በሙሉ ፈቃዴ ጻፍኩት።

ታናሽ እህትሽ