ለብ ያለ ወተት

ይድረስ ፊደል ላስቆጠርሽኝ እህቴ፣ ለእታለሜ ሀረገወይን።

ከተለያየን ወዲህ ያለው ቀንና ሌሊት እንዴት ይዞሻል? ጤናሽስ? እህል ይወርድልሻል? እንቅልፍስ ይወስድሻል? የእማማ ወገብ እንዴት ሆነ? አባባስ ያ ሳል ተዋቸው? ባለቤትሽ ወንድምአገኝ እቤቱ ገብቶ ያድራል ወይስ እንደ ሌላው ወንድ ዛሬም ጫካ ለጫካ ነው? ጣራው ተርፎላችኋል? እኔ በአምላክ ቸርነት አልታመምኩም። ደህና ነኝ ብዬ ልጽፍልሽ ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ።

ስልኩ ከተቋረጠ ሦስት ወር ሆነው። ይህን ደብዳቤ የምታመጣልሽ እናትነሽ ናት፤ ከእኛ ማዶ ያለው ሰፈር ልጅ፣ እዚህ ሰው ቤት ስትሠራ የቆየች። ፋሲካን ከእናቷ ጋር ልትውል በጅግጅጋ በኩል ትገባለች። በእጅሽ እንድትሰጥሽ አደራ ብያታለሁ። ሰው ፊት አታንብቢው፣ እታለሜ። ለብቻሽ ሁኚና አንብቢው።

የኬብሮንን ነገር ሰምቻለሁ። የነገረኝ የታች ሰፈሩ ፈንታሁን ነው። ለግንበኝነት መጥቶ ዳሚ የሚባል ሰፈር ካሉት ያገራችን ልጆች ጋር ተጠግቷል። እሁድ ሊጠይቀኝ መጣና ግድግዳ ግድግዳውን እያየ ነገረኝ። ልጅሽ ሁለት ዓመቱን ሳይደፍን እዚያው በተሸሸጋችሁበት ዋሻ ውስጥ በትውከትና በተቅማጥ አምስት ቀን ብቻ ቆይቶ እንዳለፈ፣ ጤና ጣቢያው ተዘግቶ እንደነበር፣ ተኩሱ ጋብ እስኪል መቅበሪያ እንኳ እንደጠፋ። የኔ እናት፣ አጠገብሽ ሆኜ አላለቀስኩም። ከዚያ ወዲህ እሳት ዳር አትቀርብም፣ የሰው ልጅ አትታቀፍም፣ ምግብ ስሪ ስትባል «በእጄ አጥፍቼዋለሁ» ትላለች አለኝ። የምጽፍልሽ ስለዚህ ነው።

መጀመሪያ አንድ ነገር ላርም። እዚህ ሐርጌሳ፣ ጋአን ሊባህ ሰፈር፣ የግመል ወተት የሚመረመርበት ቤት ሥራ ገባሁ ስላችሁ አባባ ለሰፈሩ ሁሉ አውርተዋል አሉ። መግባቱንስ ገብቻለሁ፤ የገባሁት ግን በመጥረጊያ ነው። ወለል እወለውላለሁ፣ የመስታወት ቱቦ አጥባለሁ፣ ጠዋት ጠዋት ከሂንዳ ወተት ተቀብዬ እመጣለሁ። ሂንዳ በር ላይ በቢጫ ጀሪካን የምትሸጥ ሴት ናት። ሁልጊዜ ትስቅብኛለች። ሰው ወተት ላይ ስኳር ይጨምራል፣ የናንተ ሴትዮ ግን ሰማያዊ ቀለም ትጨምርበታለች፣ እብድ ቤት ነው ያለሽው ትለኛለች። እኔም ዝም እላለሁ። ዝምታዬን ታውቂዋለሽ። እናንተም ወተቱን የምመረምረው እኔ እንደሆንኩ ስታስቡ ዝም አልኩ። ደስ ብሎኝ ነበር።

የመጨረሻ ቀን ከገደሉ አፋፍ ላይ ሆነሽ የደወልሽልኝን አልረሳሁትም። የፍየሏ ወተት አድሯል፣ ጭሱን አይተው እንዳይመጡብን እማማ እሳት አታንድዱ ብላለች፣ ለኬብሮን እንዲሁ ልስጠው ወይስ ልተወው ብለሽ ጠየቅሽኝ። «አንቺ ወተት ቤት ነሽ፣ ታውቂያለሽ» አልሽኝ። እታለሜ፣ ከአምስተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ልጅ ምን አውቃለሁ? ግን አላውቅም ማለት አፈርኩ። ለብ አድርገሽ ስጪው፣ ብዙ አታንድጂ አልኩሽ። ድምፄን እንደ ተማረ ሰው አደረግኩት። ከዚያ ስልኩ ጠፋ።

ፈንታሁን እንዳለኝ፣ ሦስት ጭራሮ እያነደድሽ ማታ ለብ ታደርጊው፣ የተረፈውን ጠዋት ደግመሽ ለብ ታደርጊው ነበር። እንዲህ አድርጊ ያለችሽ እኔ መሆኔን ግን ፈንታሁን አያውቅም። ማንም አያውቅም። አልተናገርሽብኝም።

እሱ ከሄደ በኋላ ሳምንት ሙሉ አንድ ጥያቄ በሆዴ ይዤ ዞርኩ። በመጨረሻ አለቃዬን ሹክሪን፣ ለብ ያለ ወተት ሰው ይገድላል ወይ ብዬ ጠየቅኳት። ከገባሁ ጀምሮ ምንም ጠይቄያት አላውቅም። ሹክሪ ጅግጅጋ ስላደገች አማርኛ ትችላለች። አባዮ ነው የምትለኝ፣ እህቴ ማለት ነው። አልሳቀችም። የራሷ ምርምር በዚሁ ላይ ነው፤ ምግብ ውስጥ ያለ ባክቴሪያ ሲጨንቀው እንዴት እንደሚተርፍ ነው የምታጠናው።

ክዳን ያላቸው ሁለት ትንንሽ ሳህኖች አወጣችልኝ። የአንደኛውን ባክቴሪያ ከቅዝቃዜ አውጥታ በቀጥታ ኃይለኛ ሙቀት ውስጥ ነው የከተተችው። ሳህኑ ባዶ ነበር። የሁለተኛውን መጀመሪያ ግማሽ ሰዓት ለብ ያለ ውኃ ውስጥ አቆይታ ከዚያ ወደዚያው ሙቀት አገባችው። እሱ ላይ ነጫጭ ነገር እንደ ጤፍ ተበትኖ በቅሏል። ቀጥላ እንደ ቀጭን ቆዳ ያለ ብርሃን የሚያሳልፍ ነገር አሳየችኝ፤ ሰማያዊ መስመሮች እንደ ቀሚስ ጥለት ተደርድረውበታል። እያንዳንዱ መስመር ፕሮቲን ነው አለችኝ። ለብ ባሉት በኩል አንዷ መስመር ወፍራለች። ለብታው ሲነካቸው ባክቴሪያዎቹ ደንግጠው ይህቺን አብዝተው ይሠራሉ፣ እሷም ሙቀት ያጣመመውን ሌላውን ፕሮቲን ታቃናለች፣ ስለዚህ ትልቁ ሙቀት ሲመጣ ተዘጋጅተው ይጠብቁታል አለችኝ። የየመስመሩን ስም የሚለየው ማሽን እዚህ የለም፤ ናሙናውን በበረዶ አሽጋ ውጭ አገር ትልካለች።

ከፈላስ አልኳት። ከፈላ ይሞታሉ፣ ያኔ መዘጋጀታቸውም አያድናቸውም አለችኝ።

ቱቦዎቹን ሳላጥብ ተቀመጥኩ። ከዚያ ሁሉንም ነገርኳት፣ ስልኩንም፣ ማፈሬንም። ልጁን የገደልኩት እኔ ነኝ ወይ ብዬ ጠየቅኳት። እንዲህ አለችኝ፦ «አባዮ፣ እኔ የማውቀው ቱቦ ውስጥ ያለውን ነው። ዋሻ ውስጥ የነበረውን አላውቅም።» የምትጠጡት ውኃ ሊሆን ይችላል፣ ዕቃው ሊሆን ይችላል፣ ረሃቡም ሕፃን አቅም ያሳጣል አለች። ወተቱም ሊሆን ይችላል። አልዋሸችኝም፤ እኔም አልዋሽሽም።

ቀጥላ የእናቷን ነገር አጫወተችኝ። ይህ ከተማ በጦርነት ሲደበደብ በእግራቸው ወደ እኛ አገር ሲሸሹ መንገድ ላይ ሁለት ልጅ በተቅማጥ ሞተውባቸዋል። እሳቸውም ሠላሳ አምስት ዓመት ሙሉ እኔ ነኝ ያበላኋቸው እያሉ ኖሩ። አጠገባቸው ሌላ ነገር የሚነግራቸው ሰው አልነበረም። ያን ቀን ወረቀት ገዛሁ።

እታለሜ፣ እሳት የከለከለሽ ጦርነቱ ነው። ለብ አድርጊው ያልኩሽ እኔ ነኝ። አንቺ ታውቃለች ያልሻትን እህትሽን ሰማሽ፣ ሌላ አላደረግሽም። ይህን በማወቅሽ ሐዘንሽ ይቀላል ብዬ አይደለም። ብቻሽን ግን አትያዢው። ብትቆጪኝ፣ ብትረግሚኝ እንኳ ይሻለኛል፤ ዝም ብለሽ ስትሸፍኚልኝ ነው የማልችለው።

ወታደሩ ካካባቢው ወጥቷል ብሎኛል ፈንታሁን። አሁን ጭስ አያስፈራም። ጾሙ ሲፈታ ለአባባ ወተቱን አንቺ አፍልተሽ ስጪያቸው። ገንፍሎ አመዱ ላይ ቢፈስ ይፍሰስ። እናትነሽ ከፋሲካ በኋላ ትመለሳለች። መጻፍ ከከበደሽ አፍልቻለሁ በያት፣ ይበቃኛል።

እማማን ጉልበቷን ሳሚልኝ፤ ስለ ስልኩ ራሴ መጥቼ እስክነግራት ጠብቂኝ። አባባን እጅ ነስታለች በያቸው፤ ልጅዎ ወለል ጠራጊ ናት ብለሽም ንገሪያቸው፣ አያፍሩብኝም። ወንድምአገኝን ዓይኑን ለማየት አፍራለሁ፣ ግን ሰላም በይልኝ። ያቺንም ፍየል፣ ካለች፣ አትጥሏት። አንቺን ደግሞ፣ ሰላምታዬን የምትቀበዪኝ ከሆነ፣ አንገትሽን አቅፌ እስምሻለሁ።

ወተት የማትመረምረው እህትሽ፣
ብሩክታይት

ሐርጌሳ፣ ጋአን ሊባህ
መጋቢት 20 ቀን 2016 ዓ.ም.