የአብራሪው የመጨረሻ ገጽ

ውድ ገሜዳ፣

ጓደኛህ ፈጠነ ዛሬ ጠዋት ደወለ። ባሕሩን በጀልባ ተሻግሮ፣ የመንን አልፎ፣ ሳዑዲ ከገባ አራተኛ ቀኑ ነው። «ገሜዳስ ደረሰ?» ሲለኝ ምን ልበለው? አብራችሁ ልትሄዱ ነበር። በመጨረሻው ሳምንት ሐሳብህን ቀይረህ በሞያሌ በኩል ወደ ደቡብ አፍሪካ የወጣኸው አንተ ነህ። «ጌታ ይመስገን፣ እንኳን በሰላም ገባህ» አልኩት። ስልኩን ስዘጋ ግን በሰላም መድረሱ አናደደኝ። እንዲህ ያለች ሰው ሆኜልሃለሁ።

ለምን ሐሳብህን እንደቀየርክ የምታውቅ ይመስልሃል። አታውቅም።

ያን ሐሙስ ከሰዓት አስታውስ። የቤት ኅብረቱ ለመንገድህ ሊጸልይ ኮልፌ እኛ ቤት ተሰብስቧል፤ ወንበር አልበቃ ብሎ አንተ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠሃል። እህት ዋጋነሽ «የልጅ ጸሎት ቶሎ ይሰማል፤ እስቲ ኤልዳና ለአባቷ ትጸልይ» አለች። ልጃችን ዓይኗን ጨፍና፣ «ከባሕሩ በላይ ነበር። ከዚያ ጠፋ። ሰዎች ፈለጉት፣ ፈለጉት፣ አላገኙትም። ባሕሩም ዝም አለ» አለች።

«ጌታ በሕፃን አፍ ተናገረ!» ብላ ጮኸች እህት ዋጋነሽ። «ወንድም ገሜዳ፣ ባሕር እንዳትሻገር!» ቤቱ በጸሎትና በለቅሶ ተደበላለቀ። አንተ ዞረህ እኔን አየኸኝ። ፊትህ አመድ መስሎ ነበር።

ገሜዳ፣ እነዚያ ቃላት የእኔ ናቸው። ቤቴል ከምሠራበት ኬጂ፣ ሽፋኑ ተገንጥሎ ሊጣል ሲል ያመጣሁትን ባለ ሥዕል የእንግሊዝኛ መጽሐፍ አይተኸዋል። የአንድ ፈረንሳዊ አብራሪ የሕይወት ታሪክ ነው። በበረሃ ላይ እየበረረ ደብዳቤ ያመላልስ ነበር፤ መጻሕፍትም ጽፏል። በጦርነቱ ጊዜ ከባሕር በላይ ሲበር ጠፍቶ ቀረ። የመጨረሻው ገጽ ላይ ሰማያዊ ቀለም ብቻ ነው ያለው። ኤልዳና ሳምንቱን ሙሉ «እሱን ገጽ ድገሚልኝ» ስትል እየተረጎምኩ ያነበብኩላት እኔ ነኝ። «ባሕሩም ዝም አለ» የሚለው እንዲያውም መጽሐፉ ላይ የለም፤ ከራሴ ጨምሬበት ነው።

«ኧረ ታሪክ ነው የምታወራው!» ማለት ነበረብኝ። ቃሉ አፌ ላይ ደርሶ መለስኩት። ሦስት ወር ሙሉ አትሂድብኝ ብዬ ለምኜህ አልሰማኸኝም፤ እሷን ግን በአንድ አፍታ ሰማሃት። ከፈራ ይቀርልኛል ብዬ ዝም አልኩ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ የእኔው ነቀዘ። አልቀረህልኝም፣ መንገዱን ብቻ ቀየርክ።

አሁን ደግሞ እሁድ ኤልዳናን ቤተ ክርስቲያን መድረክ ላይ ሊያወጧት ነው፤ ጌታ በእሷ አድርጎ አባቷን ከባሕር እንዳዳነ እንድትመሰክር። እህት ዋጋነሽ ነጭ ቀሚስ ሁሉ ገዝታላታለች። ልጅቷ ቀሚሱን ለብሳ እየለካች፣ «እማ፣ የፓይለቱን ታሪክ ነው አይደል የምናገረው?» አለችኝ። አየህ፣ እሷ አንድም ቀን አልዋሸችም።

«አንቺ አትወጪም፣ እኔ ነኝ የምወጣው» አልኳት። ሰው ምን እንደሚለኝ አውቃለሁ፤ ይበለኝ። ከጉባኤው በፊት ግን አንተ መስማት አለብህ ብዬ ይኸው እጽፋለሁ። የት እንደምልከው አላውቅም።

ከድንበር ማዶ የላክህልኝ መልእክት ሃያ ስድስት ቀን ሆነው። ከዚያ ወዲህ ስልክህ ዝግ ነው። በቀን ስንት ጊዜ እንደማነበው አትጠይቀኝ። «ሠላሳ ስምንት ሆነን በታሸገ ኮንቴነር ልንሄድ ነው። ትንሽ ይሞቃል። አይዞሽ ጫልቱዬ፣ ምንም ባሕር የለበትም።»

የትም ብትሆን፣ ጌታ ትንፋሽህን ይጠብቅልኝ።

ያን ቀን ዝም ያለችው ሚስትህ፣
ጫልቱ