በብርድ ልብስ የተጠቀለለው ጠርሙስ

እታለም፣ ዛሬ ሰላምታውን ሳላስቀድም ነው የጀመርኩት፣ አትቀየሚኝ። ጠዋት ቆሻሻ የምታነሳልን ሴት በኔ ጆንያ ጉልበቷን ተቆረጠች። ሁለት ጆንያ በአንድ ጀርባ ስለምትሸከም ብርቱ ነው የምንላት። ጩኸቷን ስሰማ ፊቴን ሳሙና እንደተቀባሁ ሮጬ ወጣሁ። በራችን ላይ ተቀምጣ ጉልበቷን በሁለት እጇ ይዛለች፣ ደሙ በጣቶቿ መሃል ይወርዳል። ባለቤቴ በሻሿ አሰረችላት፣ እኔ መኪና ለምኜ ሐኪም ቤት አደረስኳት። አሁንም እዚያው ኮሪደር ላይ ተቀምጬ ነው የምጽፍልሽ።

ለመሆኑ አንቺ እንዴት ነሽ? ወገብሽ ተሻለሽ ወይ? ያ የሌሊት ሳልስ ለቀቀሽ? ባለቤትሽ ዓይኑን ታየ ወይስ ዛሬም ነገ እያለ ነው? እኛ እስከ ትናንት ደህና ነበርን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከጀርባችን ካለው መጠጥ ቤት የሚወጡ ሰካራሞች ጠርሙሱን ግድግዳችን ላይ ሳይሰብሩ ቤታቸው አይገቡም። ሲነጋ መንገዱ በስባሪ ያብለጨልጫል። ልጆች እዚያው ላይ ኳስ ይራገጣሉ፣ ትንሿ ልጄ ደግሞ ጫማ አድርጊ ቢሏት አትሰማም። ለባለ መጠጥ ቤቱ ብነግረው፣ «እኔ የምሸጠው መጠጥ ነው፣ የሰካራም እጅ ልሰር እንዴ?» አለኝ። መጥረጊያውን ራሴ ያዝኩ።

መቼም ታውቂኛለሽ፣ ያልጠረጠረ ተመነጠረ እያልኩ የኖርኩ ሰው ነኝ። አንደኛ፣ ስባሪው ጆንያውን በስቶ የምትሸከመውን እንዳይቆርጥ በብርድ ልብስ ጠቀለልኩት። ትንሿ ስትወለድ የላክሽልንን ነው፣ ዳክዬ ያለበትን፤ ተቦጫጭቆ አልቆ ነበር፣ ከሰው ከምትሰሚ ብዬ ነው። ሁለተኛ፣ ከላይም ከታችም ቅጠልና ወረቀት ጠቀጠቅኩበት። ሦስተኛ፣ አፉን በሽቦ አሰርኩት። አራተኛው ለብርቱ መንገር ነበር፣ እሱን ረሳሁት። መጋዘን ውስጥ ለአንድ ካርቶን ብርጭቆ በአራቱም ጎን «ተሰባሪ» ብዬ የምጽፍ ሰውዬ፣ እዚህ ላይ አንዲት ፊደል አልጻፍኩም።

ብርቱ ለስላሳ ጆንያ ስታገኝ እንዲያንስላት በጉልበቷ ትጫነዋለች። የሚንኳኳ ነገር ያለበትን ግን በአንገቱ ነው የምታነሳው። የኔው ደግሞ እንደ ትራስ ነበር። ዝም ብዬ ስባሪውን እንዳለ ብከተው ኖሮ፣ ገና ስትነካው ድምፁን ትሰማ ነበር። ባለቤቴ እያሰረችላት ቀና ብላ፣ «አንተ ሰውዬ፣ እንዳትቆረጥ ብለህ ቆረጥካት» አለችኝ። መኪና ፍለጋ ሮጥኩ።

መኪና ውስጥ ብርቱ ጥርሷን ነክሳ፣ «ጌታው፣ ጠርሙስ ከሚለብሰው ብርድ ልብሱን ለኔ ቢሰጡኝ ምን ነበር?» አለችኝ። ሹፌሩ ሳቀ። እኔን መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ሐኪሙ የጉልበቷ ጅማት ተቆርጧል፣ ቶሎ ካልተሰፋ እግሯ አይዘረጋም አለ። ልጆቿን የምታበላው በዚያ እግር ነው፣ አባታቸው የለም። የሰፈሩ ኮሚቴ ሰብሳቢ፣ ልብስ ሰፊው፣ መጥቶ ነበር። ለሁላችንም ስትሸከም ነው የተጎዳችው፣ ሰፈሩ ያዋጣ አልኩት። «ጆንያው የማነው?» አለኝ። የኔ ነው አልኩ። «በቃ፣ ታዲያ ሰፈሩን በምን ታገባዋለህ?» ብሎኝ ወጣ። ጠርሙሱ ግን የኔ አልነበረም እኮ፣ እታለም! አንድ ቀን ቀምሼ አላውቅም። ብቻ ሐኪም ቤቱ ለክፍያው ኃላፊዋ ማነው ብሎ ሲጠይቅ ስሜን ሰጠሁ። ባለቤቴ ገና አልሰማችም።

ብርቱ አሁን ቀልዱን ትታለች፣ ይሄ ነው ያስፈራኝ። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ፣ «ነገ ሥራ ካልገባሁ አሠሪዎቼ በቦታዬ ሰው ይተካሉ» አለችኝ። ኧረ አይተኩም አልኳት። ይተካሉ፣ አውቃለሁ።

ባለቤትሽን እንደምን ሰነበትክ በይልኝ፣ ዓይኑንም ዛሬውኑ ይታይ። ትልቋ ልጅሽ ትምህርቷን እንዳትተው ምከሪያት። መንትዮቹን ጉንጫቸውን ሳሚልኝ፣ ጫማ ሳያደርጉ ደጅ እንዳይወጡ። ጎረቤትሽን እማማንም ጉልበታቸውን ስሜያለሁ። ለራስሽ እወቂበት፣ ከባድ ነገር አታንሺ።

ወንድምሽ
ከሐኪም ቤቱ ኮሪደር፣ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ

የመኪናውንና የመርፌውን ከፍያለሁ። የቀዶ ጥገናው ገና አልተከፈለም፤ ሳይከፈል ደግሞ አያስገቧትም።