ደረት ያለሰለሰው ጠገራ

ረቡዕ፣ ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ መሐል ሜዳ

እሑድ ልጄ ስትዳር አንገቷ ላይ እንዲያበራ ብዬ ዛሬ የእናቴን ጠገራ ብር ማጽዳት ጀመርኩ። ከአያቶቿ የወረደ፣ በጥቁር ክር የሚንጠለጠል፣ በአንድ ፊቱ ወፍ በሌላው የሴት ምስል ያለበት የድሮ ገንዘብ ነው። የጥርስ ሳሙናና ያረጀ ብሩሽ ይዤ ደጅ ፀሐይ ላይ ተቀመጥኩ። በወፏ በኩል ጥቁረቱ ለቀቀና ላባዋ ሁሉ ታየ። ገልብጬ ሌላውን ፊት ስፈትገው ግን የሴትዮዋ ምስል የለም። ልሙጥ ነው። እኔ ያጠፋሁት መስሎኝ መፈተጌን አቆምኩ።

እየፈራሁ ለእናቴ ወስጄ ሰጠኋት። በጣቷ ዳሰሰችው።

"ለእኔ ሲደርስም እንዲህ ነበር" አለች። "ወደ ደረት የሚውለው ፊቱ ነው። እናቴ እሱን አጥልቃ ነው ስታጭድም ስትፈጭም የኖረችው፤ አያቴም እንዲሁ። አንቺም ጠብተሽ ስትጠግቢ እሱን አፍሽ ካልከተትሽ አትተኚም ነበር።" ከዚያ ብሩሹን አየችው። "በይ ለብ ባለ ውሃ አለቅልቀሽ ተይው። ጥቁሩን አስለቅቂ፣ እኛን አታስለቅቂ።"

ብር በገላ ያልቃል ብዬ አስቤ አላውቅም። ሞረድ አልነካውም፤ የእናቶቼ ቆዳ ነው ያን ሁሉ ምስል የጨረሰው። ወደ ፀሐይ ሳዘነብለው የሴትዮዋ የትከሻ መስመር ብቻ እንደ ጥላ ታየኝ።

ብሩሹን ጣልኩት። ለልጄ ከመስጠቴ በፊት ልሙጡን ወደ ውስጥ አዙሬ አንዴ አጠለቅኩት። መጀመሪያ ቀዘቀዘኝ፤ ወዲያው የእኔን ሙቀት ያዘ። ይህን ስጽፍም አላወለቅኩትም።