ከሙሽሮቹ ወንበር በላይ ያለችው መስመር

ሰኞ፣ ሚያዝያ 19

አሁንም አለች። ኮምፒውተሩን አጥፍቼ አበራሁት፣ ስክሪኑን በሹራቤ እጅጌ ጠረግኩት፤ መስመሯ ንቅንቅ አላለችም።

ነገሩ ቀላል ነበር። ለፎቶ ቤቴ የኤችዲአር ሶፍትዌር ልመርጥ ብዬ ነው። ሦስት አወረድኩና ለሦስቱም ያንኑ የኦቦ ደበላን አዳራሽ ሰጠኋቸው። ድሮ የስንዴ መጋዘን ነበር፣ አሁን ሰርግ ይደገስበታል። ውስጡ ጨለማ፣ መስኮቱ ጸሐይ። የዛሬ ሁለት ሳምንት ከአንድ ቦታ ሦስት ጊዜ አንስቼዋለሁ፤ አንዱን አጨልሜ፣ አንዱን ልክ፣ አንዱን አንጥቼ። ሶፍትዌሩ ሦስቱን አንድ ሲያደርጋቸው መስኮቱም ጥላውም እኩል ይታያል።

ውጤት፦
አንደኛው፣ እስከዛሬ የምሠራበት፦ ያምራል። ግድግዳው ቅቤ የተቀባ ይመስላል።
ሁለተኛው፦ ቀርፋፋ። ሰማዩን ሐምራዊ አደረገው።
ሦስተኛው፦ ነገረኛ። የተደበቀውን ሁሉ ጎትቶ ያወጣል። ጣሪያውን የተሸከመው አግዳሚ እንጨት ላይ ቀጭን ጥቁር መስመር አሳየኝ። ልክ ከሙሽሮቹ መቀመጫ በላይ።

እሁድ እዚያ የምትቀመጠው ታናሽ እህቴ ሄለን ናት።

ማክሰኞ 20

ቁርስ ሳልቀምስ ኮምፒውተሩን ከፈትኩ።

ምን ልትሆን ትችላለች? የመብራት ገመድ። የሸረሪት ድር። ወይም ነገረኛው ራሱ የፈጠራት፤ ብርሃንና ጨለማ በሚገናኙበት ቦታ እነዚህ ሶፍትዌሮች የሌለ መስመር ሲያሰምሩ በዓይኔ አይቻለሁ። እባክህ ፈጣሪ፣ የሶፍትዌር ስህተት አድርግልኝ አልኩ። እንዲህ ያለ ጸሎት ከአሰላ የወጣ አይመስለኝም።

ከሰዓት ላይ ማለስለሻው ትዝ አለኝ። እዚህ አገር ፎቶ ቤት ከፍቶ ፊት የማያለሰልስ የለም። ሙሽራ ብጉሯን ካየች አልበሙን ጥላ ትሄዳለች። ስለዚህ ማለስለሻዬ ሁልጊዜ እስከ መጨረሻው እንደተገፋ ነው፤ ለሰውም፣ ለኬክም፣ ለአዳራሽም። አዲሱን ሁለተኛውንም እንደለመድኩት ገፍቼዋለሁ። ነገረኛው ላይ ብቻ ቁልፉ የት እንዳለ አላገኘሁትም ነበር።

ወደ ዜሮ መለስኩት። አንደኛው ላይ መስመሯ ወጣች። ሁለተኛው ላይም ወጣች።

የጣሪያ እንጨት እንደ ሙሽራ ጉንጭ አለስልሼ ለኦቦ ደበላ ሰጠኋቸው። እሳቸው ቴሌግራም ላይ ለጠፉት። ሄለን እሱን አይታ «የኔ አዳራሽ ይሄ ነው» አለች።

ረቡዕ 21

ኦቦ ደበላ ጋ ሄድኩ። ጣሪያው ሁሉ በነጭ ጨርቅ ተሸፍኗል፤ እንጨቱ አይታይም። መሀል ላይ መንደር የሚያክል ባለብዙ አምፑል መብራት አንጠልጥለዋል። ከዚያው እንጨት ላይ!

ፎቶውን አሳየኋቸው። ሳቁ። «ሂን ሶዳቲን፣ አትፍሪ ልጄ። ዝግባ ነው። እኔ ሳልወለድ የቆመ እንጨት ነው።» ከዚያ ስልካቸውን አወጡና የለጠፉትን አሳዩኝ። «ይኸው፣ ይሄም ያንቺ ፎቶ ነው። ንጹሕ ነው። የትኛዋን ሰናይት ልመን?»

መሰላል ይሰጡኝ እንደሆነ ጠየቅኳቸው፣ ጨርቁ ይበላሻል አሉ። ወደ ቤት ስመለስ ዝናቡ ወረደ። ቆርቆሮው በጮኸ ቁጥር አዳራሹን አስባለሁ።

ሐሙስ 22

ለእማዬ ነገርኳት። አላስጨረሰችኝም። «ሟርት አታውሪ! ሰርግ ሦስት ቀን ቀርቶት ጣሪያ ወደቀ ይባላል?» አፌን በእጇ ልትይዝ ምንም አልቀራት።

ሄለን ግን በሩ ላይ ቆማ ሰምታለች። ቀስ ብላ ጠየቀችኝ። «እውነቱን ንገሪኝ። ቀድሜሽ ስለማገባ ከፍቶሽ ነው?»

በርግጥ ታላቋ ነኝ። በርግጥ አላገባሁም። ግን እንዲህ ትጠይቀኛለች ብዬ አስቤ አላውቅም። ተጮኻጮኽን። እሷ እያለቀሰች ወጣች፣ እኔ ቁጭ ብዬ ቀረሁ። ብሳሳት ሰርጓን ያበላሸሁ ምቀኛ ነኝ። ባልሳሳት ደግሞ... አልጽፈውም።

ዓርብ 23

ፈርቼ ከመቀመጥ ፈርቼ መሥራት ይሻላል አልኩ። ኦቦ ደበላ ሮቤ ሄደዋል። ጥበቃውን «ዲኮሩን ፎቶ ላንሳ» ብዬ ገባሁ። የካሜራውን እግር በረጅሙ ዘርግቼ ጨርቁን ከፈት አደረግኩት። የዛሬ ሁለት ሳምንት ከቆምኩበት ቦታ ቆሜ፣ ያንኑ ሦስት ፎቶ አነሳሁ። ከላይ አንዴ ቋ ያለ መሰለኝ። ወይ ጉልበቴ ነው።

ቤት ገብቼ አሮጌውንና አዲሱን ጎን ለጎን አደረግኩ። በሦስቱም ሶፍትዌር፣ ያለ ማለስለሻ። እንጨቱ ላይ አንድ የብረት ቡሎን አለ። ያኔ መስመሯ ቡሎኑ ጋ ሳትደርስ ትቆም ነበር። ዛሬ አልፋዋለች።

ሦስቱም ተስማምተዋል። እንደዚህ የጠላሁት ስምምነት የለም።

በትልቁ አተምኩና የቤታችንን በር ለሠሩት አናጢ፣ ለጋሽ ወርቁ ወሰድኩላቸው። ምንም ሳልናገር አቀበልኳቸው። መነጽራቸውን አድርገው ወደ መብራቱ አስጠጉት። «እዚህ ቤት ሰው ይገባል እንዴ?» አሉ።

«እሁድ» አልኳቸው።

ኮታቸውን አነሱ። መሽቷል፣ ነገ በጠዋት ይሻላል ብዬ መለስኳቸው።

ቅዳሜ 24

ማታውን ከሮቤ የተመለሱት ኦቦ ደበላ ሊከራከሩ ጀምረው ነበር፤ ጋሽ ወርቁ ግን መሰላሉን አቁመዋል። ጨርቁን ገፈው መሮአቸውን ስንጥቁ ላይ አስጠጉት። መዶሻ አላስፈለጋቸውም። መሮው እስከ እጀታው ገባ።

ውሃ ከቆርቆሮው ስር እየገባ ከውስጥ አበስብሶታል። ሲያወጡት ጥቁር ዱቄት ረገፈ፣ በሙሽራዋ ነጭ ወንበር ላይ።

«ያ ረቢ» አሉ ኦቦ ደበላ። ወንበሩ ላይ ቁጭ አሉ። ከዚያ ወደ ላይ አዩና ዘለው ተነሱ። በሌላ ቀን ቢሆን እስቅ ነበር። ሰውን ሁሉ አስወጥተው በሩን ቆለፉ፤ ራሳቸው ደውለው ድንኳን አስመጡ፣ እስኪተከልም ግቢያችን ውስጥ ቆመው ዋሉ።

ሄለን ግን በሩ ሳይቆለፍ ደርሳ ነበር። ዱቄቱን በጣቷ ነካችው፣ ጣቷን አየችው።

እሁድ 25

ዘነበ። ድንኳኑ አንድ ጥግ ላይ አፈሰሰ፣ የሙሽራው አጎት ራሰ፣ ሰው ሳቀ። እኔ ግን አንዱን ዓይኔን ካሜራው ላይ፣ አንዱን የድንኳኑ ምሰሶ ላይ አድርጌ ዋልኩ።

ሄለንን ለብቻዋ ሳነሳት ጠጋ አለችኝና በጆሮዬ «ፊቴን እንዳታለሰልሺው» አለች። የሐሙሱ ለቅሶ ዓይኗ ስር አሁንም አለ። ካሜራውን ይዤ አለቀስኩ።

ሙሽሮቹ እንደሄዱ የቆየውን ሥራዬን ከፈትኩ። የሁሩታ አዳራሽ። የጮሌ ምግብ ቤት። ሮቤ ውስጥ ያነሳሁት ያ ትልቁ አሮጌ አዳራሽ። ሁሉም ቅቤ የተቀቡ ናቸው። የሁለቱን ዋና፣ ያልተለሰለሱ ፎቶዎች አገኘሁ፣ አየኋቸው፣ ደህና ይመስላሉ። የሮቤው የለም። ቦታ ሞላ ብዬ አጥፍቼዋለሁ። እዚያም በየሳምንቱ ሰርግ አለ።

ጋሽ ወርቁ ነገ ጠዋት መናኸሪያ ይጠብቁኛል። መሮውን እንዳይረሱ ሁለት ጊዜ ነገርኳቸው።