ሳሉ የዘር ነው ላሉን ክቡር ሥራ አስኪያጅ

ለተከበሩ የድንጋይ መቁረጫ ፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ፤
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? የድንጋይ ብናኝ የተሸከመው ነፋስ መንገዱን ስቶ ወደ ቢሮዎ መስኮት እንዳይዞር ጠዋትና ማታ የምጸልይልዎ የቀድሞ ሠራተኛዎ ነኝ። ቀርቤ በቃሌ ባስረዳዎ በወደድሁ፤ ነገር ግን በፋብሪካዎ መጋዝ ላይ ካረጀሁ ወዲህ ትንፋሼ ከነገሬ ቀድሞ ስለሚያልቅ፣ ደረጃውን ወጥቼ ፊትዎ ስደርስ «ጌታዬ» ከምትለው ቃል በቀር የሚተርፈኝ አይኖርም። ወረቀት ደግነቱ አያስልም። በአደባባይ መጻፌንም እንደ ድፍረት አይቁጠሩብኝ፤ አሽጌ የላክሁልዎ የመጀመሪያው ደብዳቤ በጸሐፊዎ ጠረጴዛ ላይ የሻይ ብርጭቆ ማስቀመጫ ሆኖ ስላየሁት፣ ይኸኛው ደግሞ የባሰ ሹመት እንዳያገኝ ፈርቼ ነው።

ጉዳዬ ልጄ ናት። እናቷ ካረፈች ወዲህ ቤቴን የያዘችልኝ፣ እኔ በወረድሁበት መጋዝ ላይ ቆማ ግራናይት የምትቆርጥልዎ አንድ ልጄ። ከሳል ብዛት የተነሣ ዕረፍት ላይ ከርማ፣ የፊታችን ሰኞ ወደዚያው መጋዝ እንድትመለስ አዝዘዋል። የፋብሪካው ክሊኒክ ሲስተር «አባትሽስ ይስል የለ? በቃ፣ ይሄ የዘር ነው» ብላ ፈርዳለች፤ እርስዎም ፍርዱን አጽንተዋል። ስለዚህ ምስጋናዬንና ጥቂት ቅሬታዎቼን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. ስለ ዘራችን። በስተርጅና ዘመድ ስላበዙልኝ እግዜር ይስጥልኝ። ሳል በዘር የሚሄድ ከሆነ፣ ከሥራ ሲወጣ ከፀጉሩ እስከ ጫማው ስለሚነጣ «ጋሼ ዱቄት» የምንለው ጫኝ ለካ የሥጋ ወንድሜ ኖሯል፤ ዘበኛውም የአጎቴ ልጅ፣ ወለሉን የምትጠርገው ሴትዮም አክስቴ ናት። ያሳሰበኝ የነፍስ ኄር ባለቤቴ ነገር ነው። እሷ የፋብሪካዎን ደጅ ረግጣ አታውቅም፤ የሥራ ልብሴን እያራገፈች ታጥብልኝ ነበር እንጂ። ሳሏ ግን ቁርጥ የእኔው ሳል ነበር። ስንጋባ ዝምድና እንደሌለን ሽማግሌዎች አጣርተው ነበር፤ እነሱ ተሳስተው እህቴን አግብቼ ኖሬ ከሆነ፣ የነፍስ ጉዳይ ነውና ሲስተር ቁርጡን ትንገረኝና ንስሐ ልግባ።

፪. ስለ ወተቱ። «ብናኙን ያጥባል» ተብሎ በየዕለቱ የሚታደለውን ወተት አንድ ቀን ሳላጓድል ጠጥቼዋለሁ፤ በሰፈራችን እንደ እኔ የታጠበ ሆድ ያለው ሰው የለም። ልጄን ያየው የትልቁ ሆስፒታል ሐኪም ግን የደረቷን ራጅ ብርሃን ላይ ሰቅሎ፣ «አባባ፣ የወተት መንገድና የትንፋሽ መንገድ ለየቅል ነው። የድንጋዩ ብናኝ ሳንባ ውስጥ ገብቶ ጠባሳ ይሠራል፤ ጠባሳው ደግሞ በሚጠጣ ነገር አይለቅም። መድኃኒቱ ብናኙን አለመተንፈስ ነው» አለኝ። እኔም ከሠራተኞችዎ መካከል ይህን ምክር ቀድመው የፈጸሙ፣ እንዲያውም ጨርሰው መተንፈስ የተዉ እንዳሉ ነገርሁት። ሐኪሙ ቀልድ የማይገባው ሰው ነው መሰለኝ፣ አልሳቀም።

፫. ስለ ውሃው። ዋናው ይህ ነው። ድሮ መጋዙ ድንጋዩን ሲበላ ከላዩ ውሃ ይወርድበት ስለ ነበር፣ ዱቄቱ ሳይነሣ ጭቃ ሆኖ በቦዩ ይሄድ ነበር። እርስዎ ሲሾሙ፣ ጭቃው የደንበኞችን ጫማ ያበላሻል ብለው ውሃውን አዘጉት፤ ከዚያ ወዲህ በደረቁ እንቆርጣለን። ጭቃ ይታያል፣ ብናኝ አይታይም፤ ደንበኛም በጫማው እንጂ በእኛ ሳንባ አይራመድም፤ ይህ ለእኔ ለትምህርት ጎደሎውም ይገባኛል። ያልገባኝ አንድ ነገር ቢኖር፣ ጫማ በጨርቅ ተወልውሎ የሚጠራ ሆኖ ሳለ ለማይጠረገው ሳንባ የታዘነለት አለመኖሩ ነው። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ይባላል፤ የእኛ ነገር ሥሩም ጥሩም ያለው በዚያ በተዘጋው ቧንቧ ላይ ነው።

፬. ስለ ማታው መሰነባበቻ። ወደ ቤታችን ስንሄድ ልብሳችን በአየር መንፊያ እንዲነፋልን ማድረግዎ ቸርነት ነው። ከአንዱ ልብስ የተነሣው ብናኝ በባልደረባው አፍንጫ ስለሚገባ፣ ባዶውን ወደ ቤቱ የሚሄድ ሰው የለም።

፭. ስለ ጭንብሉ። ስስ ጨርቅ ነው። እናመሰግናለን፤ በሥራ ላይ ስንስቅ ጥርሳችን አይታይም።

ይህን ሁሉ ስጽፍ፣ ክቡር ሆይ፣ «ቂም ነው ወይስ እውነት የሚያጽፈኝ?» ብዬ ተንበርክኬ ራሴን መርምሬአለሁ። ቂምም አለበት፤ አልዋሽም። ከአፈር እንደ ተፈጠርሁ፣ ወደ አፈርም እንደምመለስ አምናለሁ፤ ነገር ግን ተራዬ ሲደርስ እኔ ወደ አፈሩ እሄዳለሁ ብዬ ስጠብቅ፣ አፈሩ ቸኩሎ ወደ እኔ መጣ። የራሴ ነገር ብቻ ቢሆን ዝም ባልሁ ነበር። ልጄ ግን አሁን አሁን ዳገት ስንወጣ መሐል ላይ ጎንበስ ትልና «አባዬ፣ ቆይ፣ የጫማዬ ክር ተፈታ» ትለኛለች። ጫማዋ ክር የለውም።

ስለዚህ ልመናዬ አጭር ነው፤ ከመጋዙ ተነሥታ ብናኝ ወደሌለበት ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ትዛወርልኝ። ይህን ስነግራት፣ «እኔ ብነሣ ሌላዋ ትቆምበት የለ እንዴ፣ አባዬ? ውሃውንም ጠይቃቸው እንጂ!» ብላ ተቆጣችኝ። እነሆ ውሃውንም ጠይቄአለሁ።

ጎንበስ ብዬ እጅ እንዳልነሣ ሳሉ ስለሚቀሰቀስብኝ፣ ቀጥ ብዬ ቆሜ በታላቅ አክብሮት የምሰናበትዎ፣

የቀድሞው የመጋዝ ሠራተኛ፣ የአሁኗ የመጋዝ ሠራተኛ አባት፣ በክሊኒክዎ ግኝት መሠረት ደግሞ የመላው ፋብሪካ የሥጋ ዘመድ።

ድኅረ ጽሑፍ፦ ሰኞ ልጄ መጋዙ ላይ አትቆምም፤ ተነጋግረን ጨርሰናል። ሥራዎ እንዳይበደል ግን አስቤበታለሁ። በሽታው ከድንጋዩ ሳይሆን ከእኛ ዘር ከሆነ፣ የእርስዎ ዘር ጤነኛ ነውና፣ ትምህርቱን ጨርሶ ሥራ ይፈልጋል ሲባል የሰማሁት ወንድ ልጅዎ በእሷ ቦታ ቢቆም አንዳች አያገኘውም። ብቻ ከመላክዎ በፊት፣ ስለ ፈጣሪ ብለው፣ ውሃውን ያስከፍቱለት። ሲስተር ተሳስታ እንደ ሆነስ? እኔም አባት ነኝ፤ የማንም ልጅ ሳንባ መሞከሪያ እንዲሆን አልፈልግም፣ የእርስዎም ቢሆን።